እርማት፦ የ«ሪል ስቲል» ሮቦቶች ሁሉም የኮምፒውተር ሥራ አይደሉም

ወንድሜ፣ ሮቦቶች ቡጢ ስለሚጋጠሙበት ፊልም ስናወራ «ሪል ስቲል ላይ አንድም እውነተኛ ሮቦት የለም፣ ሁሉም የኮምፒውተር ሥራ ነው» ያልከው ልክ አይደለም። አልፈርድብህም፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ለወጣው ለዚህ ፊልም ሌጋሲ ኢፌክትስ የሚባለው ድርጅት ዋና ዋናዎቹን ሮቦቶች በሙሉ ቁመናቸው በአካል ሠርቷቸዋል። አቶም አለ፣ ኖይዚ ቦይ አለ፣ አምቡሽም አለ። ከካሜራው ጀርባ ያሉ ባለሙያዎች በሪሞት ያንቀሳቅሷቸው ነበር። ልጁ ማክስ ቀና ብሎ አቶምን ሲያወራው ከባዶ አየር ጋር እያወራ እንዳይመስልህ፤ ፊት ለፊቱ ከሱ በጣም የሚረዝም ግዙፍ ነገር ተገትሯል። ዓይኑ የት እንደሚያርፍ ልብ ብለህ እየው። የአባትና የልጁ ነገር ሆድ የሚያባባው ግማሹ በዚህ ይመስለኛል።

ኮምፒውተሩ በዋናነት የገባው ሮቦቶቹ ሲራመዱና ሲቧቀሱ ነው። እሱም ቢሆን ከባዶ የተሳለ አይደለም። ሰዎች እንቅስቃሴ የሚቀዳ ልብስ ለብሰው የምር ተፋለሙ፣ ቡጢውን ያማከረው ደግሞ ሹገር ሬይ ሊዮናርድ ነው፣ ያውም የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን!

ታሪኩ ከሚቧቀሱት የፕላስቲክ አሻንጉሊቶች ተቀዳ ያልከውም አያስኬድም። መነሻው የሪቻርድ ማቲሰን የ1956 አጭር ልብወለድ ነው፣ አሻንጉሊቶቹ ግን ገበያ የወጡት በ1964 ነው።

በዚያ ላይ አቶም በመጨረሻው ግጥሚያ ሻምፒዮኑን ሮቦት ዜውስን አላሸነፈም። ዳኞቹ በነጥብ ለዜውስ ነው የሰጡት። መጨረሻውን መልሰህ እየው እስቲ።