እኩል በእኩል ሲሆን ማን ይወስናል?

የክለብ ባለቤቶች ተጣልተው ፍርድ ቤት ሄዱ ሲባል በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ የሊቨርፑል የቀድሞ ባለቤቶች፣ አሜሪካኖቹ ቶም ሂክስና ጆርጅ ጂሌት ናቸው። የሊቨርፑል ደጋፊ ከሆናችሁ ስማቸው ራሱ ደማችሁን እንደሚያፈላው አውቃለሁ፣ ይቅርታ። ሰው ስለነሱ ሲያወራ "በብድር ገዙት፣ ዕዳውን ክለቡ ላይ ጫኑት" ብሎ ያልፈዋል፣ እሱ ልክ ነው፣ ለኔ ግን ክለቡን አንቆ የያዘው ድርሻቸው እኩል በእኩል ሆኖ ሲጣሉ ማን እንደሚወስን አለመታወቁ ነው።

በፈረንጆቹ 2007 መጀመሪያ ላይ ሲገዙት ሁሉ ነገር ሰርግ ነበር። ስታንሊ ፓርክ ላይ ለሚሠራው አዲስ ስታዲየም በ60 ቀን ውስጥ ቁፋሮ ይጀመራል ተባለ (ስታዲየሙ እስከዛሬ የለም)። ዓመት ሳይሞላ ተኳረፉ። ጂሌት በማርች 2008 ካናዳ ሬድዮ ላይ ወጥቶ ከሂክስ ጋር አብሮ መሥራት እንዳልተቻለ ተናገረ፣ ድርሻውን ዲ አይ ሲ ለሚባለው የዱባይ ኢንቨስትመንት ኩባንያ መሸጥ ፈልጎ ነበር፣ ሂክስ ደግሞ እምቢ አለ፣ እምቢ ማለትም መብቱ ነበር ምክንያቱም አንዱ ያለሌላው ፈቃድ መሸጥ አይችልም። በቃ ተቆላለፉ። አንዱ መውጣት አይችል፣ ሌላው ጠቅልሎ መግዛት አይችል።

በሚቀጥለው ወር ሂክስ ቲቪ ላይ ወጥቶ ሪክ ፓሪ ከዋና ሥራ አስፈጻሚነት ይልቀቅ አለ። ጂሌት ደግሞ ከፓሪ ጎን ቆመ። እስቲ እዛ ቢሮ ውስጥ የምትሠሩ ሁኑና አስቡት፣ ጠዋት ገብታችሁ የማንን ትእዛዝ ነው የምትሰሙት? በደህናው ጊዜ አብረው ካደረጉት አንዱ እንኳን አሰልጣኙ ቤኒቴዝ ሥራው ላይ እያለ ዩርገን ክሊንስማንን ቦታውን ትወስዳለህ ወይ ብለው ማናገር ነበር። ወይ ጉድ።

ከዛ ዕዳው መጣ። በ2010 ባንኩ (አር ቢ ኤስ) ብድሩን ሲያድስ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፣ ማርቲን ብሮውተን የሚባል ከውጪ የመጣ ሊቀመንበር ተሾመና ክለቡን እንዲሸጥ ተደረገ። ሁለቱ ባለቤቶችም የቦርድ አባል መቀየር የሚችለው ብሮውተን ብቻ ነው የሚል ቃል ሰጥተው ፈረሙ። ቦርዱ አምስት ሰው ነው፣ እነሱ ሁለት፣ ሌላው ሦስት። ቁጥሩን ሲፈርሙ አልቆጠሩትም መሰለኝ።

ኦክቶበር ላይ ቦርዱ ኤን ኢ ኤስ ቪ ለሚባል ሌላ የአሜሪካ ባለሀብቶች ኩባንያ በ300 ሚሊዮን ፓውንድ ሊሸጥ ሲል እነ ሂክስ ከሦስቱ የቦርድ አባላት ሁለቱን፣ ክርስቲያን ፐርስሎውንና ኢያን ኤየርን፣ አስወጥተን በምትካቸው የሂክስን ልጅና ከሂክስ ኩባንያ አንድ ሰው አስገብተናል አሉ። ክለቡ ያኔ በሜዳው በብላክፑል ተሸንፎ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ነው፣ በዕዳው ምክንያት 9 ነጥብ ሊቀነስበት ይችላል እየተባለ ይወራል፣ እነሱ ወንበር ይቀያይራሉ።

ኦክቶበር 13 ለንደን ላይ ዳኛ ፍሎይድ ፈረደባቸው። ዳኛው ማን ክለቡን ይወዳል፣ ማን ስንት አወጣ የሚለው ውስጥ አልገባም፣ የፈረሙትን አይቶ በፈረማችሁት ትገዛላችሁ ነው ያለው። እነሱ ግን የዛኑ ቀን ማታ ቴክሳስ ሄደው ዳላስ ካለ ፍርድ ቤት ሽያጩን የሚያስቆም እግድ አወጡ! የእንግሊዝን ክለብ፣ እንግሊዝ ውስጥ የተፈረደን ነገር፣ ዳላስ። በማግስቱ ፍሎይድ እግዱን አንሱ ብሎ አዘዘ፣ 15 ላይ ሽያጩ አለቀ። ሂክስ እስከመጨረሻው ተጭበረበርኩ ሲል ነበር።

ብዙ ሰው ፍርድ ቤቱ ክለቡን አዳነው ይላል። እኔ ግን ያዳነው የባንኩ ዕዳ ነው ባይ ነኝ። ባንኩ ለደጋፊ አዝኖ አይደለም፣ ብሩን ፈልጎ ነው፣ ግን ዕዳው ባይኖር ብሮውተን የሚባል ሰው አይመጣም፣ ያ ወረቀት አይፈረምም፣ ዳኛውም የሚያየው ነገር የለውም፣ ሁለቱ እንደተኳረፉ ስንት ዓመት ይቀጥሉ እንደነበር አስቡት። ደግሞ የሚያስቀው፣ ለሁለት ዓመት ተኩል አንድ ነገር ላይ መስማማት ያቃታቸው ሰዎች ክለቡ ከእጃቸው ሊወጣ ሲል ጠበቃ ይዘው አንድ ላይ ቆሙ።