ይድረስ ለክቡር የኩባንያ ሕሊና፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከፋርማሲው መስኮት ገለል እንዲሉልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤና ማለቴ እንኳ ለወጉ ያህል ነው፤ እርስዎ አይታመሙም፣ አያምጡም፣ የማሕፀን ሐኪም ዘንድም ቀጠሮ የለዎትም። ነገር ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2014 ሆቢ ሎቢ በተባለው የዕደ ጥበብ ዕቃ መደብሮች ድርጅት ጉዳይ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ በጥቂት ባለቤቶች እጅ ያለ የንግድ ድርጅት በ1993 የወጣው የሃይማኖት ነፃነት ሕግ ይጠብቀዋል፣ ስለዚህ እምነቱ የማይፈቅደውን የእርግዝና መከላከያ በሠራተኞቹ የጤና ኢንሹራንስ ውስጥ እንዲያካትት አይገደድም ብሎ ከወሰነ ወዲህ፣ እርስዎን ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር ሆኗል።

ባደግሁበት ልማድ አማኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ክርስትና ስሙን እጠይቃለሁ፤ የእርስዎን ግን ብፈልግ ብፈልግ ከመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ አጣሁት። የተጠመቁት በ40 ቀንዎ ነው በ80? ክርስትና ያነሳዎትስ ማን ነው፣ የንግድ መዝገብ ጽሕፈት ቤቱ? ይህን የምጠይቀው ለማሾፍ ብቻ አይደለም። ባለቤቶችዎ ድርጅት ያቋቋሙት፣ ንግዱ ቢከስር አበዳሪ መጥቶ የመኖሪያ ቤታቸውን እንዳይወስድባቸው፣ በሕግ ዓይን ድርጅቱ ሌላ ሰው፣ እነርሱም ሌላ ሰው እንዲሆኑ ብለው ነው። ዕዳ ሲመጣ «አንተዋወቅም» የሚባባሉት ሁለቱ ሰዎች፣ ሃይማኖት ሲነሳ እንዴት አንዲት ነፍስ እንደሚሆኑ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

የድርጅቱን ባለቤቶች ቤተሰብ እምነት አልነካም። እሑድ ሱቆቻቸውን ዘግተው ገቢ ይተዋሉ፤ ቅንነታቸውንም መንግሥት ራሱ በችሎት አልተከራከረም። ከ20 የመከላከያ ዓይነቶች 16ቱን ይሸፍኑ እንደነበርም ልመስክር፤ የተቃወሙት ያስወርዳሉ ብለው ያመኑባቸውን ሁለት ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ክኒኖችንና ሁለት ዓይነት ሉፖችን (በማሕፀን የሚቀመጡ መከላከያዎችን) ነው። እኔን የሚያስቸግረኝ የእርስዎ የእንቅልፍ ሰዓት ነው። ከክኒኖቹ ሁለቱም በድርጅቱ ኢንሹራንስ ዝርዝር ውስጥ ተኝተው ኖረው፣ ተገኝተው የወጡት በ2012 ክሱ ሊመሠረት ሲል ነበር። የሠራተኞቹ የጡረታ ገንዘብም መከላከያዎቹን የሚያመርቱ ኩባንያዎች አክሲዮን ባለባቸው ፈንዶች ውስጥ እንደተቀመጠ በ2014 ሲዘገብ፣ እርስዎ ገና አልነቁም። ድርጅቱ የገዛቸው፣ ከኢራቅ የመጡ ጥንታዊ ቅርሶች «የሸክላ ናሙና» ተብለው ጉምሩክ ሲያልፉ፣ ጉዳዩም በ2017 በ3 ሚሊዮን ዶላር ሲቋጭ፣ የት እንደነበሩ መጠየቄን ይታገሡኝ።

ፋርማሲ ላይ ግን ንቁ ነዎት። ከሥራ የወጣች ገንዘብ ያዥ የደንብ ልብሷን ሳታወልቅ ተሰልፋ ተራዋ ይደርሳል፤ ፋርማሲስቱ ካርዷን አስገብቶ ኮምፒውተሩን አየት ያደርግና ከኋላዋ የቆሙት እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይኼን አይሸፍንልሽም» ይላታል። በመሐል የቆሙት እርስዎ ነዎት፣ ክቡር ሆይ፤ ተራ እንኳ አልያዙም። ክኒን ነውና ከኪሷ ከፍላ ትወጣ ይሆናል። ሉፕ ቢሆን ግን፣ ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ በልዩነት ሐሳባቸው እንዳሰፈሩት፣ ዋጋው በዝቅተኛው የደመወዝ ወለል ሙሉ ቀን ለምትሠራ ሴት የአንድ ወር ደመወዝ ያህላል።

ኢንሹራንሱን ደግሞ እንደ ምጽዋት አይቁጠሩብን፤ ሠርተን ያገኘነው የደመወዛችን ክፍል ነው። በየሁለት ሳምንቱ በሚከፍሉኝ ቼክ ያንኑ ክኒን ገዝቼ ብውጥ እርስዎን ኃጢአት አያገኝዎትም፤ ገንዘቡ በኢንሹራንስ በኩል ዞሮ ሲመጣ ግን ተባባሪ ይሆናሉ። በወቅቱ በድርጅቱ ከሚሠሩት ከ13,000 የሚበልጡ ሰዎች መካከል የሌላ እምነት ተከታዮችም፣ ምንም የማያምኑም ነበሩ። የእነርሱን ሕሊና የቆጠረው ማን ነው?

ክኒኑ ያስወርዳል በሚለው ላይም ትንሽ ልበል። የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በዲሴምበር 2022 ከሁለቱ ክኒኖች የአንዱን፣ የፕላን ቢን፣ ማብራሪያ አሻሽሎ፣ ክኒኑ ዕንቁላል እንዳይወጣ በማዘግየት እንደሚሠራና እንደማያስወርድ ግልጽ አድርጓል። እርስዎ ግን አይጨነቁ፤ ፍርድ ቤቱ የመዘነው እምነትዎ ከልብ መሆኑን እንጂ ከሳይንሱ ጋር መግጠሙን አልነበረም።

ዳኞቹ ያኔ ሴቶቹ እንዳይጎዱ መላ አለ ብለው ነበር፦ ድርጅቱ ተቃውሞውን ያሳውቅ፣ ወጪውን የኢንሹራንስ ኩባንያው ይሸከም። ቀለሙ ሳይደርቅ ማሳወቁም፣ ቅጽ መሙላቱም ኃጢአት ነው የሚሉ ተነሡ። በ2020 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት፣ መንግሥት ከዚህም የሰፋ ነፃ መውጫ የመስጠት ሥልጣን አለው ሲል 7 ለ2 ወሰነ። በ2022 በቴክሳስ አንድ ቀጣሪ፣ የኤችአይቪ መከላከያ ክኒን መሸፈን እምነቴን ይጋፋል ብሎ በፌዴራል ዳኛ ዘንድ ተፈረደለት።

ስለሆነም ቀጥሎ ሕሊናዎን የሚቆረቁረው የትኛው መድኃኒት እንደሆነ፣ የዘንድሮው የኢንሹራንስ ምዝገባ ከመዘጋቱ በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቁን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
አንዲት ተቀጣሪ

ግልባጭ፦
ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል