ያው 0.303 ነው አትበሉኝ

ወገኖቼ፣ ከእንግዲህ ስለ ጠመንጃዬ ጥይት ልክ «ያው 0.303 ነው፣ ምን ያስጨንቅሃል» የሚለኝን ሰው ሰላምታ እነሳዋለሁ።

እዚህ አሜሪካ ቅዳሜ ቅዳሜ ዒላማ የምተኩስበት አሮጌ የእንግሊዝ ሊ ኤንፊልድ ጠመንጃ አለኝ። አረሩን ከእርሳስ አቅልጬ የምሠራው ራሴ ነኝ። ሦስት ወር ሙሉ የዒላማው ወረቀት ጤፍ የተዘራበት መሰለ። አፈሙዙም ውስጡ በእርሳስ ይለበጥና፣ ከምተኩስበት ሰዓት የምፈትግበት ይበልጣል።

መጀመሪያ ያሳሳተኝ ስሙ ነው። 0.303 ኢንች ማለት በአፈሙዙ ውስጥ ከጥርስ (በቦዮቹ መካከል ከፍ ብሎ ከቀረው) እስከ ጥርስ ያለው ስፋት ነው፤ ጠመዝማዛው ቦይ ከዚያ ይጠልቃል። የእርሳስ አረር ደግሞ ከቦዩ ስፋት በኢንች አንድ ወይም ሁለት ሺኛ መብለጥ አለበት። ካነሰ ትኩሱ ጋዝ በጎኑ ሾልኮ ይልጠዋል፤ የተላጠው አፈሙዙ ላይ ይለጠፋል። (የ0.38 ሽጉጥ አረር 0.357 ገደማ መሆኑን ሳውቅማ ስም አውጪዎቹን ሁሉ ታዝቤያለሁ።)

ስለዚህ ልለካ ተነሣሁ። ለስላሳ የእርሳስ ድብልብል ዘይት በተቀባ አፈሙዝ ውስጥ በናስ ዘንግ እየመታሁ አሳለፍኩ። የወጣውን በማይክሮሜትር ልይዝ ብል፣ የእኔ ጠመንጃ ቦዮች አምስት ናቸው! ቁጥሩ ጎዶሎ ስለሆነ በእያንዳንዱ ቦይ ትይዩ የሚገኘው ጥርስ ነው፤ ባዞርኩት ቁጥር ሌላ ልክ ይነግረኛል። ለጎዶሎ ቁጥር የተሠራ ማይክሮሜትር ተውሼ የቦዩን ስፋት 0.314 አገኘሁ። ሻጩ «ለ0.303 የሚሆነው ይኸው ነው» ብሎ ምሎ የሸጠልኝ የልክ ቀለበት (አረሩን አሳልፌ ልኩን የማስይዝበት) 0.312 ነበር።

የአገሬ ልጆች ደግሞ ይስቁብኛል። «አያቶችህ ዓድዋ ላይ በውጅግራ ጠመንጃ ሲዋጉ ማይክሮሜትር ነበራቸው?» የውጅግራው 11 ሚሊ ሜትር እርሳስ እኮ ወረቀት ተጠቅልሎበት ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። ወረቀቱ ለጌጥ መሰላችሁ? ልኩን የሚሞላው፣ እርሳሱም አፈሙዙን እንዳይነካ የሚያደርገው እሱ ነው። እነሱ የተለካላቸውን ተኮሱ፤ እኔ የሚለካልኝ አጣሁ።

0.316 ቀለበት ገዛሁ። ተኮስኩ። ጤፉ እንደ ጤፍነቱ! ጠመንጃውን ልሸጠው ስል አንድ አዛውንት አሜሪካዊ ተኳሽ «ቀለህ ውስጥ ከተገጠሙት አረሮች አንዱን ንቀልና ለካው» አሉኝ። ነቀልኩት። 0.313።

የጨመቀው የገዛ ቀለሁ፣ ባሩዱን የሚይዘው የናስ ቀፎ ነው። የቀለሁን አንገት የማሰፋበት መሣሪያ የተሠራው መዳብ ለለበሰው፣ ቀጠን ላለው አረር ነበር። እኔ ሌሊት በፋኖስ እየለካሁ ያዘጋጀሁትን እርሳስ ጠባቡ አንገት እየዋጠ ሲያከስመው ከርሟል። ሦስት ሺኛ፣ አንዲት የፀጉር ዘለላ የምታህል ናት፤ ሦስት ወር በላችብኝ።

ሰፋ ያለውን ማስፊያ አዝዣለሁ። እስኪመጣ ድረስ ሰማንያ የተገጠሙ ጥይቶች ጠረጴዛዬ ላይ ተሰልፈዋል፤ አንድ በአንድ እየነቀልኩ ነው። ይህን ስጽፍ ሰባተኛው ላይ ደርሻለሁ።