የቁስጥንጥንያ ምሕላ የማን ነበር?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ በመካከለኛው ዘመን በቁስጥንጥንያ (በቢዛንታይን መንግሥት ዋና ከተማ፣ በዛሬዋ ኢስታንቡል) ጎዳናዎች ላይ ይወጡ የነበሩት የምሕላና የበዓል ዑደቶች የሕዝብ ነበሩ ወይስ የቤተ መንግሥት? ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የቤተ መንግሥት ነው ባይ

በ10ኛው መቶ ዘመን የከተማዋ ዋና ቤተ ክርስቲያን የሐጊያ ሶፍያ የሥርዓት መጽሐፍ በዓመት ከ60 በላይ ዑደቶችን ይዟል። በሳምንት ከአንድ ይበልጣል። ይህን ሁሉ ሰው መንገድ ላይ የሚያወጣው ጽድቅ ብቻ ነው ማለት የዋህነት ነው። ንጉሡ የሚወጣበት ቀን ከሆነ ደግሞ ሁሉም ነገር አስቀድሞ ተጽፎ ያለቀ ነው። የት ልብስ እንደሚቀይር፣ የት ሻማ እንደሚያበራ፣ የትኛው ቡድን የት ቆሞ «ብዙ ዘመን ያንግሥህ» እንደሚለው ሳይቀር።

1133ን ተመልከቱ። ንጉሥ ዮሐንስ 2ኛ ኮምኔኖስ ካስታሞን የተባለችውን ከተማ ይዞ ተመለሰ። በብር የተለበጠ ሠረገላ ተሠራ፤ አራት ነጫጭ ፈረሶች ተጠመዱለት። ንጉሡ ግን አልወጣበትም። የእመቤታችንን ሥዕል አስቀመጠበትና መስቀል ይዞ ከፊት በእግሩ ሄደ። ትሕትና ነው ትሉኛላችሁ። ይሁን። ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ዓይኑን የጣለው ማን ላይ ይመስላችኋል?

የሕዝብ ነው ባይ

ወንድሜ፣ አንተ ያየኸው የንጉሡን ቀን ነው። እኔ ማክሰኞን ላሳይህ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ሆዴጌትርያ የተባለችው የእመቤታችን ሥዕል ትወጣለች። «መንገድ መሪዋ» ማለት ነው። ወንጌላዊው ሉቃስ የሣላት ናት ተብሎ ይታመን ነበር። ሥዕሏ ከባድ ናት፤ ብሯና ዕንቁዋ ብቻ ስንት ይመዝናል። ቀይ የለበሱ የማኅበሯ አባላት ያመጡና አንድ ሰው ላይ ይጭኗታል። እሱ እንደ ተሰቀለ ሰው እጁን ይዘረጋል። ከዚያ እሷ ትወስደዋለች፤ አደባባዩን ወዲያ ወዲህ ታዞረዋለች። በ14ኛው መቶ ዘመን የኖቭጎሮዱ እስጢፋኖስ፣ በ1437 ደግሞ ስፔናዊው ፔሮ ታፉር ይህን አይተው ጽፈዋል። ሕዝቡ «ኪርያላይሶን» ይላል። አዎ፣ የእኛ ሰው በሰሙነ ሕማማት ሲሰግድ የሚለው ያው ቃል ነው።

ግሪክ ውስጥ አርታ አጠገብ ያለ የገዳም ግድግዳ ላይ ይኸው የማክሰኞ ዑደት ተሥሏል። ከሥዕሏ ሥር ማን እንዳለ ታውቃለህ? ነጋዴዎች። አትክልት የሚሸጥ አለ፣ መጠጥ የሚቀዳ አለ። ንግሥ ላይ እንደሚሆነው ማለት ነው። ይህን የትኛው ቤተ መንግሥት አዘዘው?

የቤተ መንግሥት ነው ባይ

ሻጭ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ይመጣል፤ ያ የባለቤትነት ማስረጃ አይሆንም።

ደግሞም ነገሩ ሥር የሰደደ ነው። ዮሐንስ አፈወርቅ በከተማዋ ሊቀ ጳጳስ በነበረበት ዘመን አርዮሳውያን ሌሊት እየዘመሩ ጎዳና ሲወጡ፣ እሱም የራሱን ሰዎች አወጣ። የብር መስቀሉንና ሻማውን ማን ቻለ? ንግሥት ኤውዶክስያ። መዘምራኑን ያሰለጥን የነበረው የእሷ ጃንደረባ ብሪሶን ነው። በግጭቱ ግንባሩን በድንጋይ ተመታ፤ ሰውም ሞተ። መጨረሻው ምን ሆነ? ንጉሡ የአርዮሳውያኑን ዑደት ከለከለ። ፈቃጅና ከልካይ አንድ ከሆነ፣ ባለቤቱ ሌላ ማን ነው?

የሕዝብ ነው ባይ

ከልካዩ ራሱ ሲንበረከክስ? በ512 ንጉሥ አናስታስዮስ «ቅዱስ እግዚአብሔር» በሚለው ጸሎት ላይ «ስለ እኛ የተሰቀለ» የሚል ቃል እንዲጨመር ፈቀደ። (ጸሎቱ በእኛ ቅዳሴ ከነ«ተሰቅለ»ው አለ፤ እዚያ ግን ደም አፈሰሰ።) ከተማው ተነሣ። ንጉሡ ዘውዱን አውልቆ ፈረስ መጋለቢያው ቦታ ቀረበና ልልቀቅላችሁ አለ።

ቤተ መንግሥቱ ብቻውን ሲወጣ የሚሆነውንም ልንገርህ። በ1037 ዝናብ ጠፋ። የንጉሥ ሚካኤል 4ኛ ወንድሞች ቅዱሳት ንዋያቱን ተሸክመው ከቤተ መንግሥት እስከ ብላኬርና የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ሄዱ። አንዱ ክርስቶስ ለኤዴሳው ንጉሥ ለአብጋር ጻፈው የሚባለውን ደብዳቤ ይዟል። ዝናብ የለም። በረዶ ወረደ። ዛፉን ሰባበረ፣ የጣራውን ሸክላ ከሰከሰው።

የቤተ መንግሥት ነው ባይ

በረዶውን ስቄበታለሁ። እንግዲያው አንቺም ይህን ስሚ። ነሐሴ 15 ቀን 1261። ከተማዋ ከላቲኖች፣ ከምዕራባውያኑ መስቀል ጦረኞች፣ እጅ ወጥታለች። ንጉሥ ሚካኤል 8ኛ በወርቁ በር ገባ፤ ሆዴጌትርያ ከፊት፣ እሱ ከኋላ በእግሩ። ስንቱ እንዳለቀሰ መገመት አያቅትም። የዙፋኑ ሕጋዊ ወራሽ ግን ዮሐንስ 4ኛ የሚባል ልጅ ነበር። በዚያው ዓመት በገና ዕለት፣ ልጁ 11 ዓመት በሞላበት ቀን፣ ሚካኤል ዓይኑን አስጠፋው። ያንን ዑደት ያየ ሕዝብ ምን አለ? ምንም ማለት አልቻለም። እመቤታችን ከፊቱ እየሄደች አስገብታዋለቻ!

የሕዝብ ነው ባይ

በ1453 ኦቶማን ቱርኮች ከተማዋን ሲከቡም ሥዕሏ ወጥታለች። ተሸካሚዎቹን አመለጠቻቸውና ወደቀች። ሊያነሷት ሲሉ እንደ እርሳስ ከበደች። ያኔ የተሯሯጠው፣ እስክትነሣ የጮኸውና የጸለየው፣ መንገድ ላይ የነበረው ሰው ነው።

የቤተ መንግሥት ነው ባይ

ማክሰኞን ሰጥቼሻለሁ። ገናን አልሰጥም።