ይድረስ ለሰፈራችን ቆርቆሮ አጥር

ይድረስ ለክቡር ቆርቆሮ አጥር፣ የድሮውን ቆዳ ፋብሪካ ግቢ ከበው ካሉበት።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከሽታዎ በቀር ደህና ነኝ።

አስራ አንድ ዓመት ጎረቤት ሆነን አንድ ቀን ቆሜ ሰላም ብዬዎት አላውቅም። አንገቴን አዙሬ፣ ትንፋሼን ይዤ ነው የማልፈው። ባለፈው እሁድ ግን እርስዎ ራስዎ መጥተው ተዋወቁኝ።

ሽማግሌ ተልከን ነበር። ለእህቴ ልጅ። ሦስት ሆነን፣ ሱፍ ለብሰን፣ ነጠላ ደርበን፣ እኔ ደግሞ ለሰው ሰርግ አስቀምጬው የነበረውን አዲስ ጫማ አድርጌ። ሌሊቱን የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ አድሯል። ያቺ ዝገት የበላት ጥግዎ አለች አይደል፣ ከእሷ ስር ሰማያዊም አረንጓዴም ለመሆን ያልወሰነ ነገር እየወረደ መንገዱን ሞልቶታል። ዘለልኩ። ድሮ ብሆን እሻገረው ነበር። ግራ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባ፣ ቀኙ ተንሸራተተ፣ ሦስተኛው ሽማግሌ ሊይዘኝ እጁን ሲሰድ በቂጤ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት።

ልታጠብ እንዳልል እሁድ የሰፈራችን የውሃ ፈረቃ አይደለም። ሁለት ሃይላንድ ገዝተን አፈሰስንበት። ሽታው ነቃ እንጂ አልሄደም። የተበላሸ እንቁላልና ሳልስቱ ያለፈ በግ አንድ ላይ አስቡት። ዘመድ እየጠበቀን ነው፣ መመለስ አይቻል፤ ሄድን።

ደንቡን ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ቆሞ "የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም" ይላል፣ ባለቤት "ኧረ በሞቴ ተቀመጡ" ብሎ ይለምናል። ሁለቱን ለመኗቸው። እኔን የለመነኝ የለም። የልጅቷ አባት አንዴ እኔን፣ አንዴ ክሬም ቀለም ሶፋቸውን አዩና ዝም አሉ። ከዚያ እጣን ተጨመረ። ቡና አልተፈላ፣ ጀበና አልቀረበ፣ እጣን ብቻ ይጨሳል። የልጅቷ አያት በሹክሹክታ ያወሩ መስሏቸው፣ ጆሯቸው ደክሟልና ቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ "ልጁ ቆዳ ነው እንዴ የሚነግደው?" ብለው ጠየቁ። "ኧረ አካውንታንት ነው እማማ" ተባሉ። "ታዲያ ምን ይሸታል?"

ተመካክረው ሊያሳውቁን፣ ለሳምንት እሁድ ተመለሱ ተባልን። የወጉ ነው። እኔ ግን እስከዛሬ ወግ ይሁን ሶፋው ይሁን አላወቅኩም።

ሰኞ ጠዋት ግራ እግር ጫማዬን ፌስታል ውስጥ አስሬ ወደሚመለከተው አካል ሄድኩ። በር ላይ ጥበቃው "ምን ይዘሃል?" አለኝ። "ማስረጃ።" "ክፈተው።" ከፈትኩለት። "ዝጋው! ዝጋውና ግባ!" በዚህች አገር ቢሮ እንደዚያ ቀን በፍጥነት ገብቼ አላውቅም። ወረፋው ላይ ሃያ ሰው አለ፤ ፌስታሌን ይዤ ስቆም ከፊቴም ከኋላዬም ሰፋ ሰፋ አለልኝ።

መስኮት አንድ፣ ፋይዳ። አለኝ። መስኮት ሁለት፣ "የይዞታ ካርታ"። ተከራይ ነኝ። "እንግዲያው ጉዳዩ አይመለከትህም።" መስኮት ሦስት፣ ሲስተም የለም። ፎቅ ውጣ አሉኝ፣ ወጣሁ። ባለሙያው ትሁት ልጅ ነው፣ እድሜዬን አክብሮ ተነስቶ ተቀበለኝ። ፌስታሉን ስፈታ መስኮቱን ከፈተ። ከዚያ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠጋ። ከዚያ መሀረቡን አወጣ። አፍንጫውን በመሀረብ እንደያዘ እንዲህ አለኝ፦ "አባቴ፣ መሬቱ ስለመበከሉ ምንም ማስረጃ የለም።"

"ይሸታል እኮ" አልኩት።

"ሽታ ማስረጃ አይሆንም። የላብራቶሪ ውጤት ያምጡ።"

ለላብራቶሪ አፈር ያስፈልጋል። አፈሩ ያለው ግቢው ውስጥ ነው። ግቢው ውስጥ ለመግባት የባለይዞታው ፈቃድ ያስፈልጋል። ባለይዞታው ማን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ መስኮት ሦስት፣ ሲስተም የለም።

እዚህ ላይ አንቱታው ያመልጠኛል፣ ይቅር በለኝ አንተ ቆርቆሮ። አዋጅ ቁጥር 300/1995 የሚባል የአካባቢ ብክለት ሕግ አለን። ሃያ ዓመት አልፎታል። ማንም ሰው፣ ማንም፣ ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማሳየት ሳያስፈልገው አቤት ማለት ይችላል ይላል። ካርታ አምጣ አይልም። ተከራይ አይናገር አይልም። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል ይላል። የበከለ ያጽዳ፣ ወይም የማጽጃውን ይክፈል ይላል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብታችን ነው ብሏል። ይህ ሁሉ ተጽፎ ሳለ እኔ ጫማዬን በፌስታል ይዤ ካንድ መስኮት ወደ ሌላ መስኮት እለምናለሁ፣ አንተ ጀርባ ደግሞ የሰፈሩ ልጆች በዚያች በተበላችው ጥግ ሾልከው ገብተው ኳስ ይጫወታሉ። ጎል ጠባቂው የሚወድቀው እኔ የወደቅኩበት ላይ ነው። እኔ አንድ ቀን ነው የወደቅኩት። እሱ በየቀኑ ነው። የእሱን እናት ሶፋ የሚጠይቅ የለም።

ቆዳ እንዴት እንደሚለፋ እኮ ምስጢር አይደለም። ጠጉሩ በኖራና ሰልፋይድ በሚባል ኬሚካል ይረግፋል፤ ያ ነው የእንቁላሉ ሽታ። ከዚያ በክሮም ይለፋል፤ ቆዳው ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ለማልፋት የሚገባው ክሮም ረጋ ያለው፣ ክሮሚየም ሦስት የሚባለው ነው። ነገር ግን ሁኔታው ሲመቸው ወደ ክሮሚየም ስድስት ይለወጣል፣ እሱ ካንሰር አምጪ ነው። እዚህ ግቢ የትኛው አለ? ስንት አለ? ወደ ጉድጓድ ውሃ ወርዷል? ከታች ወንዙ ዳር ጎመንና ቆስጣ የሚያጠጡት ሰዎችስ? የለካ የለም። አፈሩ አልተለካም፣ ስለዚህ ማስረጃ የለም፤ ማስረጃ የለም፣ ስለዚህ አፈሩ አይለካም።

ሌላው አገር ይህ ሥራ ወግ አለው። መጀመሪያ ታሪክ ይጠየቃል፦ እዚህ ምን ይሠራ ነበር፣ ኬሚካሉ የት ይቀመጥ ነበር፣ ፍሳሹ የት ይደፋ ነበር። ቀጥሎ ይሰረሰራል፣ አፈርና ውሃ ይመረመራል። መናፈሻ ሊሆን ነው ወይስ መኪና ማቆሚያ ተብሎ፣ እንደ አገልግሎቱ ይጠረጋል፣ ይታከማል ወይ ይሸፈናል። ለንደን እ.ኤ.አ. ለ2012ቱ ኦሊምፒክ የድሮ ፋብሪካዎች መንደር ላይ ስታዲየሞቿንና መናፈሻዋን ስትሠራ ወደ 2 ሚሊዮን ቶን አፈር አጽድታለች። አብዛኛውን እዚያው መልሳ ተጠቀመችበት። አፈር አጠቡ! እኛ ፊታችንን የምንታጠበው በፈረቃ ነው።

እሺ፣ ገንዘብ የለንም እንበል። የመጀመሪያው ደረጃ እኮ መሰርሰሪያ አይፈልግም፣ ጠያቂ ነው የሚፈልገው። ከኔ በላይ ባለው ቤት የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ እዚያ ፋብሪካ ሃያ ስምንት ዓመት ሠርተዋል። የክሮሙ በርሜል የት እንደሚቆም፣ ጉድጓዱ ሞልቶ በአፈር የተደፈነው የትኛው ጥግ እንደሆነ በጣታቸው ያሳያሉ። እኔን አሳይተውኛል። አንተ የተበላህበት ጥግ ነው። እስከዛሬ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ቤታቸውን ያንኳኳ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ብቻ ነው።

በሁለት ዓመት አንዴ ደግሞ ስካቫተር ይመጣል። ይቆፍራል፣ ይሄዳል። አፈሩ "ሙሌት" ተብሎ በገልባጭ ይሸጣል። ጎረቤቴ አንድ መኪና ገዝቶ ግቢውን አስተካከለበት፣ ጤና አዳም ተከለበት። ጤና አዳም!

ወደ አንቱታው ልመለስ። ክቡርነትዎ ደረት ላይ የተለጠፈው ባነር እንዴት ነው? ባለ አስራ ስምንት ፎቅ መስታወት ሕንጻ፣ ፏፏቴ፣ ወፍራም ዛፍ ስር የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ሴት፣ "በቅርብ ቀን"። ፀሐይ ፊቷን በላው፣ ጋሪው ቀርቷል። ከጎኑ "መሽናት ያስቀጣል" ይላል፣ የሚቀጣውም የሚሸናውም ያው ጥበቃው ነው።

ረቡዕ ማመልከቻዬን አዋጁን ጠቅሼ አስገባሁ፣ ገቢ ተብሎ ማኅተም ተመታልኝ። ሠላሳ ቀኑን በግድግዳ ካላንደር እየሰረዝኩ ነው። እሁድ ደግሞ ወደ ልጅቷ ቤት እንመለሳለን፤ በዋናው መንገድ ዞረን፣ በራይድ። እስከዚያ ዝናብ እንዳይጥል ስዕለት ተስለናል፣ እርስዎም ባይሆን እስከ ሰርጉ ያቺን ጥግዎን ይያዟት።

አክባሪዎ፣
ተከራዩ

ግልባጭ፦
ለልጅቷ አያት
ለጎል ጠባቂው
ለግራ እግር ጫማዬ፣ በረንዳ