ኧረ ቀኑን ንገሩን!

ለሕግ ማስተርስ መግቢያ የተፈተንነው ውጤት የት ገባ? በወረቀት ተፈትነን ቢሆን እሺ፣ እርማት ጊዜ ይፈጃል እንል ነበር። የተፈተንነው ግን በኮምፒውተር ነው፤ ጥያቄው ምርጫ፣ አራሚው ማሽን። ታዲያ ምን ይጠበቃል?

ሕግ 5 ዓመት ተምረናል። የመውጫ ፈተናውንም ማለፊያውን 50 በመቶ አምጥተን አልፈናል። መጠበቅ አዲስ አይደለም። ያንገበገበኝ ቀኑን የሚነግረን ሰው መጥፋቱ ነው። ቴሌግራም ላይ "ነገ ይለቀቃል" ይባላል። ነገ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ወሬ።

ትናንት አራት ኪሎ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ የውጤቱን ገጽ በስልኬ ከፈትኩ። ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች። ከዚያ "መረጃ አልተገኘም" አለኝ። ልቤ ቀጥ አለ። ወድቄ ነው? ስሜ ጠፍቶ ነው? ወይስ ገና አልተለቀቀም? ከኋላዬ የነበሩ እናት "ልጄ፣ ሰልፉ ሄደ እኮ" ሲሉኝ ነው የነቃሁት።

ቤት ደግሞ እማዬ አለች። አትጠይቀኝም። ቡናውን እየቀዳች ፊቴን ብቻ ታያለች፤ ይሄ ከጥያቄም ይብሳል። አለቃዬ በበኩሉ "ትምህርት የምትጀምሪ ከሆነ ከአሁኑ አሳውቂ" ይለኛል። ምን ብዬ ላሳውቅ?

ይዘግይ፣ ግድ የለም። ግን ቀኑን ቁረጡልን። ሰው እኮ ነን፣ እንቅልፍ አጣን!