ጥርጣሬው ለማን ይፈረድ?

የምሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና ማቆሚያ ነው። ቀኑን ሙሉ ታርጋ ሳነብ እውላለሁ። አንዳንዱ ታርጋ ላይ ባለመኪናው በውትድርና የተጎዳ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አለ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ቲኬቱን ሲሰጠኝ አየዋለሁ። እጁ አለ፣ እግሩ አለ፣ ዓይኑም ያያል። ከእነዚህ ደንበኞቼ አንዱ በጨዋታ መሃል ጉዳቱን ነገረኝ። ጆሮው ውስጥ ይጮህበታል። ኢራቅ እያለ ከከባድ መሣሪያ ሥር ሲውል ያመጣው ነው። ለዚህ በየወሩ ገንዘብ ይከፈለዋል።

ቀልድ አይደለም። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት ጉዳትን የሚለካው በመቶኛ ነው። ከዜሮ እስከ 100፣ በአሥር በአሥር እየጨመረ ይሄዳል። የጆሮ ጩኸት 10 በመቶ ነው። በፈረንጆቹ 2025 የ10 በመቶ ጉዳተኛ በወር 175 ዶላር ገደማ ያገኝ ነበር (የአሜሪካን ነገር ሳወራ ዓመቱ በፈረንጆቹ፣ የአገር ቤቱን ሳወራ በእኛ አቆጣጠር ነው)። እግሩ ከጉልበት በታች የተቆረጠ 40 በመቶ ይባላል፤ የእሱ ከ770 ዶላር በላይ ነው። መቶ ከመቶ የተባለው ከ3,800 ዶላር በላይ ይወስዳል። ግብር አይቆረጥበትም። በአገልግሎት ላይ ለሞተ ወታደር ሚስት ደግሞ በየወሩ ከ1,600 ዶላር በላይ ይታሰብላታል፤ ልጆች ካሉ ይጨመራል።

ይህን ለአጎቴ በስልክ ነገርኩት። «ጆሮው ጮኸበት ብለው? እኛ ዘንድማ ጥይት ያልጮኸበት ጆሮ የማን ነው!» አለና ሳቀ።

እውነቱን ነው። አገሬ ጎጃም፣ ደጋ ዳሞት ነው፣ ፈረስ ቤት አካባቢ። እዚያ ሰው ያልዘመተበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። በ1969 ሚሊሺያ ተብሎ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ኦጋዴን የወረደ አለ። በብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ኤርትራ የሄደ አለ። ከ1990 እስከ 1992 ባድመ ግንባር የተዋጋ አለ። ከ2013 ወዲህ በሰሜኑ ጦርነት የገባማ ስንቱ።

አንድ ጎረቤታችን ከባድመ የተመለሰው ባንድ እግሩ ነው። በአሜሪካ ሚዛን 40 በመቶ ነው። በጎጃም ሚዛን ግን መቶ ከመቶ ነው። ገበሬነት እርፍ ጨብጦ፣ ጅራፍ ይዞ፣ በሬ ተከትሎ ትልም ለትልም መመላለስ ነው። ጭቃ ላይ በክራንች እርሻ የለም። ስለዚህ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠ። እኩል አራሽ ማለት እንግዲህ ከአውድማው ግማሹን ይዞ የሚሄድ ሰው ነው። ባሏ የሞተባትም ሴት ዕጣዋ ይኸው ነው። በሬ ቢኖራት እንኳ ሴት እርፍ አትጨብጥም ይባላል። የመጀመሪያውን ዓመት አገሬው ደቦ ወጥቶ ያርስላታል። በሁለተኛው ዓመት ጥቂት ሰው ይመጣል። በሦስተኛው ሁሉም የራሱ እርሻ አለበት፤ በማንም አልፈርድም። እንዲህ እያለ የጦርነቱ ዕዳ በየዓመቱ አውድማ ላይ ይከፈላል፤ የሚከፍሉትም እነሱ ናቸው።

«አሜሪካ ሀብታም ስለሆነች ነው» የሚል መልስ እዚህ ሀበሻ ከተሰበሰበበት አይጠፋም። ገንዘቡ እርግጥ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የአሜሪካ ሕግ አንድ አንቀጽ አለው። ወታደሩ ባቀረበው ጥያቄ ላይ የሚደግፈውና የሚቃወመው ማስረጃ ከተመጣጠነ፣ ጥርጣሬው ለወታደሩ ይፈረዳል ይላል። በዚህም አይበቃም። መረጃ ፈልጎ በማግኘት መሥሪያ ቤቱ ራሱ እንዲያግዘው ያስገድዳል። በ2022 የወጣው ሕግ ደግሞ ኢራቅና አፍጋኒስታን ቆሻሻ ሲቃጠል ጭስ የጠጡትን ይመለከታል። በሕጉ የተዘረዘረ በሽታ የያዘው ሰው «ያመመኝ ከጭሱ ነው» ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም። እዚያ ማገልገሉ ከተረጋገጠ በሽታው ከዚያ እንደመጣ ይቆጠርለታል።

በየአካባቢውም ቅጹን በነፃ የሚሞላለት ሰው አለ። ደመወዙን ካውንቲው (እንደ እኛ ወረዳ ያለ የአካባቢ አስተዳደር) ወይም የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ይከፍለዋል።

የእኛስ? ሕግ የለንም እንዳትሉ። በ2003 የወጣውና በ2014 በሌላ አዋጅ የተተካው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 ወታደሩንም ፖሊሱንም ያካትት ነበር። ለሟች ሚስት የጡረታውን 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ ለወላጅ 15 በመቶ ደንግጎ ነበር። ሲነበብ ደስ ይላል። ችግሩ ያለው ብሩን ለማግኘት በሚኬድበት መንገድ ላይ ነው።

አገር ቤት በሄድኩበት አንድ ወቅት የአክስቴን ልጅ ፍርድ ቤት አብሬያት ሄጄ ነበር። ባሏ የመከላከያ ወታደር ነው። በሰሜኑ ጦርነት ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። ከግቢው ውጭ ጃንጥላ ዘርግተው የተቀመጡት ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ቁጭ አልን።

«እታለም፣ የጋብቻ ማስረጃ አለሽ?»

«ቄሱ ያውቁናል።»

«ወረቀት ሰጥተውሻል ወይ ነው?»

«ቄሱማ አርፈዋል፣ ጋሼ።»

ሰውየው እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ስንቷን እንዲህ እንዳስተናገዱ ፊታቸው ይናገራል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረው በ2008 መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ገጠር የተጋባ ሰው ማስረጃው ሽማግሌና ሚዜ ነው። ሽማግሌው ይሞታል፣ ሚዜው ይዘምታል።

እሷ ፌስታሏን ፈታ ያላትን አወጣች። አንድ ጉርድ ፎቶ። የመታወቂያ ኮፒ፣ እጥፋቱ ላይ የተቀደደ። የባንክ ደብተር። ደብተሩ በውክልና የእሱን ደመወዝ የምታወጣበት ነው። ገልጬ አየሁት። በየወሩ ገቢ፣ ገቢ፣ ገቢ ይላል። ከዚያ አንድ ወር ላይ ቀጥ። ከሥሩ ባዶ መስመር ነው።

እዚያ ላይ ነው የተናደድኩት። ደመወዙ በራሱ አልቆመም። አንድ ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው ስሙን ከዝርዝር አውጥቷል። መንግሥት ሰውየው እንደሌለ ከእሷ ቀድሞ ያውቃል። እሷ ግን ምስክር ታምጣ። ምስክር ከየት? አብረውት የነበሩት ወይ ሞተዋል፣ ወይ የት እንዳሉ አይታወቅም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሰው ከጠፋ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ መጥፋቱ በፍርድ ቤት እንዲታወጅ ማመልከት ይቻላል ይላል። ራፖር ጸሐፊው ይህን አስረዷት። ረጅም ጊዜ አሰበችና «ታዲያ ሞቷል ብላ የምትፈርም እኔ ነኝ?» አለች።

መርዶ አልመጣላትም። ማቅ አልለበሰችም፣ ተዝካር አላወጣችም። በእኛ ባህል መርዶ ሲመጣ ሽማግሌ ጎህ ሳይቀድ በር ያንኳኳል፤ አገር ተሰብስቦ አብሮ ይጮኻል። እዚህ አሜሪካ ሁለት የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች በር ላይ ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡን ይዞ ቅጹን የሚጨርስ መኮንን ይመደባል። የአክስቴ ልጅ ደጃፍ ላይ አንዱም አልቆመም። ማመልከቻውን ሳትጽፍ ተመለሰች።

እሷ እንኳ ደብተር አላት። የቀበሌ ሚሊሺያ ሆኖ የሞተው ደመወዝ የለውም። ደመወዝ ከሌለ የሚቆረጥ የጡረታ መዋጮ የለም። መዋጮ ከሌለ ሚስቱ የምትጠይቀውም የለም።

ለዘማች ማሰብ ለእኛ አዲስ ሆኖ አይደለም። ከ1933 በኋላ ለአርበኞች መሬት ተሰጥቷል። ደርግም ክፋቱ እንዳለ ሆኖ አባታቸው በጦርነት ለሞተባቸው ልጆች አላጌ ላይ ሕፃናት አምባን ሠርቷል፤ ለአካል ጉዳተኛ ወታደሮች ደብረ ዘይት ላይ ጀግኖች አምባ ነበር። 1983 ሲመጣ ሠራዊቱ ተበተነ፣ አምባዎቹም አብረው ተበተኑ። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ወታደር በማቋቋሚያ ኮሚሽን በኩል ስንዴና ዘር፣ የቀናው በሬ ተቀብሎ ወደየቀዬው ገባ። ክራንች ይዞ አዲስ አበባ መንገድ ዳር የተቀመጠውን በዚያ ዘመን የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። እኛ ዘንድ ውለታው የመንግሥቱ እንጂ የአገር አይደለም። መንግሥት ሲወድቅ ውለታውም ይወድቃል።

እዚህ አይሪን ትሪፕሌት የሚባሉ የኖርዝ ካሮላይና ሴት ነበሩ። በ2020 አርፈዋል። እስኪያርፉ ድረስ በአባታቸው ምክንያት በወር 73 ዶላር ከ13 ሳንቲም ይከፈላቸው ነበር። አባታቸው የተዋጉት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው፤ እሱ ደግሞ ያለቀው በ1865 ነው! ሰውየው በስተርጅና የወለዷቸው ናቸው። ገንዘቡ ለአስቤዛ እንኳ አይበቃም። ግን ስንት ፕሬዚዳንት አለፈ፣ ስንት ፓርቲ ወጣ ወረደ፣ ያቋረጠው የለም።

የታሪኩ ሌላ ፊት ደግሞ አለ። ሰውየው መጀመሪያ የተዋጉት ከፌዴራል መንግሥቱ ለተገነጠለው ለደቡቡ ወገን ነበር። ከድተው ወደ ሰሜኑ ባይገቡ ኖሮ ይህች 73 ዶላር አትኖርም። ለተሸነፈው ወገን ቤተሰብ ጡረታ የከፈሉት የደቡብ ክፍለ ግዛቶች በየራሳቸው ነው። ፌዴራል መንግሥቱ ለደቡብ ወታደር መበለቶች የፈቀደው በ1958 ነው፤ ያኔ ስንቷ በሕይወት ቀርታ?

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ጎጃም ራሱ የጦር ሜዳ ነው። በአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት፣ ልጆች በሁለት ወገን ቆመዋል። የሁለቱም እናት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። ነገ ሲበርድ ጡረታው የሚፈቀደው ለየትኛዋ ነው? አሜሪካኖች ለዚህ መልስ እስኪያገኙ ዘጠና ምናምን ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

አሜሪካንም መልአክ አላደርጋትም። በ1932 የተገባልን ክፍያ ይሰጠን ብለው ዋሽንግተን የሰፈሩትን የአንደኛው ዓለም ጦርነት ዘማቾች የገዛ ሠራዊታቸው በታንክና በአስለቃሽ ጭስ ነው ያባረራቸው። በ2014 ፊኒክስ ከተማ ያለው የወታደሮች ሆስፒታል የወረፋ መዝገብ ደብቆ ሲገኝ፣ ቀጠሮ ሲጠብቁ የሞቱ ነበሩ፤ ሚኒስትሩ ሥራ ለቀዋል። በ2024 ቆጠራ ከ32,000 በላይ የቀድሞ ወታደር ቤት አልነበረውም። አንዱን ከምሠራበት ሕንፃ ጀርባ በየጠዋቱ አየዋለሁ። ያም ሆኖ አቤት የሚልበት ቢሮ አለው፤ ጠበቃ አለው፣ የምርጫ ወቅት ሲደርስ የሚፈራው ፖለቲከኛ አለው።

እኛ እዚህ ያለን የአገር ልጆች ማኅበር ባለፈው ስብሰባው ለዘማች ቤተሰቦች ገንዘብ ስለማሰባሰብ ተነጋግሮ ነበር። አንዱ ወፍጮ እንትከል አለ። ሌላው በግ እናድል። ክራንችና ሰው ሠራሽ እግር ባሕር ዳር ካለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ይገኛል፣ የመሄጃና የማደሪያ ወጪ እንሸፍን ያለም አለ፤ ይህኛው ደህና ሐሳብ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ሰው እንቅጠር አልኩ። ሕግ የተማረ፣ ጠረጴዛውን ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጃንጥላ ሥር የሚያስቀምጥ። ማመልከቻውን በነፃ ይጽፋል፣ ምስክር ያሰባስባል፣ ፋይሉን ተከትሎ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል፣ የሁሉንም ቅጂ ይይዛል። ጡረታ ያስከበረላት አንዲት ሴት ከመንግሥት የምታገኘው፣ ልጆቿ እስኪያድጉ ሲደመር፣ ከአሥር በግ ይበልጣል።

ሰብሳቢው «ወረቀት ለሚጽፍ ሰው ደመወዝ ብለን አባሉን ገንዘብ እንጠይቅ?» አሉኝ። አዎ፣ እንጠይቅ። የመጀመሪያውን ሦስት ወር እኔ እችላለሁ ብያቸዋለሁ። ፍለጋው አሁን ሰውየውን ነው፤ ከደምበጫም ከፍኖተ ሰላምም ቢሆን ግድ የለም፣ መንገዱ ተከፍቶ ፈረስ ቤት ድረስ መውጣት የሚችል ይሁን እንጂ።